የመብራት ዋጋ ሲንር ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ኃይል አቅርቦት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነማስታወቂያው አነበብኩት። ጥሩ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ጎረበጠኝ። «የአየር ጠባዩ የኤሌክትሪክን ዋጋ አናረው» ይላል። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት የኤሌክትሪክ ድርጅቶችን መዝገብ ሳገላብጥ ነው። በእኛ ሙያ ገንዘብ ከአንድ ኪስ ወጣ ከተባለ የገባበት ኪስ ይፈለጋል። ብርድ ኪስ የለውም። ድርቅም ባንክ ሄዶ ሒሳብ አልከፈተም። ስለዚህ «በአየር ጠባይ ምክንያት ዋጋ ናረ» ሲባል ለእኔ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። ማን ከፈለ? ማን ተቀበለ? እገሌ ይክፈል ብሎ የወሰነውስ ማነው?

ይህን ለማየት የአሜሪካዋ ቴክሳስ በእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021 የገጠማትን ያህል ጥርት ያለ ጉዳይ አላውቅም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓመታት ቢያልፉትም ውሳኔው፣ የፍርድ ቤት ክርክሩ፣ የሒሳብ ሪፖርቱ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሰው ማታ ማታ ኳስ ሲያይ እኔ እሱን ሳነብ አመሻለሁ። ቤተሰቦቼ ተስፋ ቆርጠውብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወሩ አጋማሽ ላይ ቴክሳስን ያልለመደችው ብርድ ያዛት። የጋዝ ማውጫዎችና መስመሮች በረዶ ጋገሩ። ጋዝ የሚያቃጥሉ ማመንጫዎች፣ የነፋስ ተርባይኖች፣ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች፣ አንድ የኒውክሌር ማመንጫ ሳይቀር ቆሙ። ማሞቂያ የሚፈልገው ሕዝብ ደግሞ በዚያው ሰዓት በዛ። የግዛቲቱን ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ኤርኮት እስከ 20,000 ሜጋዋት የሚደርስ የኃይል ፍጆታ ቆረጠ። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ኃላፊዎቹ በኋላ እንደተናገሩት ኔትወርኩ ጨርሶ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ ነበር። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰው መሞቱን መዝግቧል።

እስከዚህ ድረስ የአየር ጠባይ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የሰው እጅ ነው።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን የግዛቲቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ተሰበሰበ። ማመንጫዎች ለቸርቻሪዎች ኃይል የሚሸጡበትን የጅምላ ገበያ ዋጋ የሚያሰላው ሶፍትዌር ከጣሪያው፣ ማለትም ከሚፈቀደው ከፍተኛ ዋጋ በታች እያወጣ ነበር። ኮሚሽኑ ይህ ስህተት ነው አለ። የሰው መብራት እየተቆረጠ ከሆነ ዋጋው ጣሪያውን መንካት አለበት ብሎ አዘዘ። ጣሪያው ያኔ በሜጋዋት ሰዓት 9,000 ዶላር ነበር። ወደ ቤት ቆጣሪ ስናወርደው አንድ ኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዚያው ገበያ አማካይ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት ከ30 ዶላር በታች ነበር። ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ሆነ። በቀን 100 ኪሎዋት ሰዓት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚፈጅ ቤት በዚህ ዋጋ ቢከፍል በቀን 900 ዶላር ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁልጊዜ እንጣላለን። እሱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ደሞ ሁሉን ነገር ዴቢትና ክሬዲት ታደርጊዋለሽ» ይለኛል። የእሱ ክርክር ይህ ነው። ከፍተኛ ዋጋ ጥሪ ነው። ማመንጫ ያለው ሁሉ ወጥቶ ያመነጫል። ብዙ የሚፈጅ ፋብሪካ ማሽኑን ያጠፋል። ጣሪያውን ዝቅ ካደረግሽው ደግሞ በዓመት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚፈለግ ማመንጫ ማንም አይገነባም።

ግማሹ እውነት ነው። ፋብሪካ ዋጋ አይቶ ማሽን ያጠፋል፤ ይህን በመዝገብ አይቻለሁ። ግን በረዶ የጋገረ ቧንቧ ዋጋ አይሰማም። ቆጣሪው ወር ሲሞላ ብቻ የሚነበብለት አባወራም አይሰማም። ይባስ ብሎ የመብራት ቆረጣው ፌብሩዋሪ 17 እኩለ ሌሊት አካባቢ ሲያበቃ ዋጋው አልወረደም። እስከ 19ኛው ቀን ጠዋት ድረስ እዚያው 9,000 ላይ ተቸንክሮ ቆየ። ያኔ ማንን እየጠራ ነበር? ወንድሜ ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላመጣልኝም። ርዕስ ይቀይራል።

የገበያው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ለዚያ ትርፍ ሰዓት ብቻ 16 ቢሊዮን ዶላር ያለአግባብ ተከፍሏል የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። በኋላ ሲጣራ በጣም ወረደ፤ ያም ሆኖ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ለምን ወረደ? በዚያ ገበያ ብዙ ድርጅት በአንድ እጁ ይሸጣል፣ በሌላው ይገዛል። ከራሱ ለራሱ የከፈለው ሲቀነስ ነው እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው። ጋዜጠኞች ይህን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ያልተጣራው ነው።

አሁን ወደ ተቀባዩ ኪስ እንሂድ። በጅምላ ገበያው ለሁሉም ሻጭ የሚከፈለው የመጨረሻው ሻጭ ያገኘውን ዋጋ ነው። ነዳጁን በርካሽ የገዛውም፣ ነፋስ በነጻ የሚያዞርለትም እኩል 9,000 ይቀበላል። ከሁሉም የበለጠ ያገኙት ግን ጋዝ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው። ኢነርጂ ትራንስፈር የተባለው የቧንቧ ኩባንያ ከዚያ አንድ ማዕበል ወደ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ማግኘቱን ራሱ ለባለአክሲዮኖቹ አሳውቋል። ማኳሪ የተባለው የአውስትራሊያ ባንክ የዓመቱን የትርፍ ግምቱን ከፍ አደረገ። የአንድ ጋዝ አምራች ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ሳምንቱን የሎተሪ ዕጣ እንደመምታት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሕግ ጣሱ እያልኩ አይደለም። ሰው ሲሞት ያንን ማለት ግን ትንሽ አፍ ይይዛል።

ሁሉም ማመንጫ አተረፈ ማለትም አይደለም። ኃይል አቀርባለሁ ብሎ የፈረመና ማሽኑ የቆመበት ድርጅት ከገበያው በ9,000 ገዝቶ ውሉን መሙላት ነበረበት። ቪስትራ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በዚህ መንገድ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ይህ ኪሳራ አይቆጨኝም። ማሽኑን ከብርድ መከላከል የእሱ ሥራ ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላው ነው።

ግሪዲ የሚባል ትንሽ ቸርቻሪ ነበር። በወር 9.99 ዶላር ክፈሉኝ፣ መብራቱን በጅምላ ዋጋ ላስገባላችሁ ይል ነበር። 29,000 ያህል ደንበኞች ነበሩት። በደጉ ጊዜ ከጎረቤታቸው ያነሰ ይከፍሉ ነበር። ማዕበሉ ሲመጣ ኩባንያው ራሱ «ቶሎ ሌላ ቸርቻሪ ፈልጉ» ብሎ መልእክት ላከላቸው። ብዙዎቹ የሚቀበላቸው አጡ። ገንዘቡ ከካርዳቸው በቀጥታ ይቆረጥ ስለነበር ሂሳቡ እየተጠራቀመ አንዳንዱ ቤት ከ16,000 ዶላር በላይ ደረሰ። ማርች ላይ ግሪዲ ኪሳራ አወጀ። ያልተከፈለው 29 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ለደንበኞቹ ተሰረዘላቸው። ቀድሞ የተቆረጠበት ሰው ግን የኪሳራ ፍርድ ቤት ደጅ ጠኚ ሆነ። ካርዱ ላይ ገንዘብ የነበረው ተጎዳ፣ ያልነበረው ዳነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍትሕ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብ አላውቅም።

የግሪዲ ታሪክ ዜና ሆነ። የቋሚ ዋጋ ውል የነበራቸው ጎረቤቶች ደግሞ «እኛ እንኳን ተርፈናል» አሉ። እውነት ነው፣ የዚያ ወር ሂሳባቸው እንደወትሮው መጣ። ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። ሂሳቡ በሌላ በር ነው የመጣባቸው።

የሳን አንቶኒዮ ከተማ የራሷ የመብራት ድርጅት አላት። በማዕበሉ ሳምንት ለጋዝና ለኃይል አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ተጠየቀ። ገሚሱን በፍርድ ቤት እየተከራከረ፣ 418 ሚሊዮኑን ከደንበኛ ለመሰብሰብ ወሰነ። እንዴት? በእያንዳንዱ ቤት ሂሳብ ላይ በአማካይ በወር 1.26 ዶላር ተጨመረ። ለ25 ዓመት። ውሳኔው የተላለፈው በ2022 መጀመሪያ ነው። በማዕበሉ ሳምንት የተወለደ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ የራሱን ቤት ሲከራይ የዚያን ሳምንት ጋዝ ይከፍላል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አባትየውም በዚያ ሳምንት መብራት አልነበረውም ይሆናል።

ጎረቤቷ ኦክላሆማም በዚያው ማዕበል ተመትታ ነበር። ከትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቿ አንዱ ወደ 760 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወጪውን ወደ ቦንድ አዛወረ፤ ማለትም ገንዘቡ በብድር ይገኝና ደንበኛው ከወለዱ ጋር ቀስ እያለ ይመልሰዋል። የመክፈያው ጊዜ 28 ዓመት ነው። ቴክሳስ ደግሞ ለጋዝ አከፋፋዮቿ ወጪ በ2023 ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ አወጣች። ሕጉ እስከ 30 ዓመት ይፈቅዳል። ቦንዱን የሚከፍለው ጋዝ የሚጠቀመው ቤተሰብ ነው።

ብራዞስ የተባለው የኤሌክትሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበርም አለ። በቴክሳስ ካሉት አንጋፋውና ትልቁ ነው። ከሥሩ 16 አባል ማኅበራት ነበሩት። ባለቤቶቹ ደንበኞቹ ናቸው፤ የሚያተርፍለት ባለአክሲዮን የለም። የብድር ደረጃውም ጥሩ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የክፍያ ጥያቄ መጣበት። ማርች 1 ቀን 2021 ኪሳራ አወጀ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ለእሱ ነው።

አሁን እኔን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ፤ ለአንባቢ አሰልቺ እንዳይሆን ልሞክር። አንድ የመብራት ድርጅት እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ ሲመጣበት በመዝገቡ ላይ ምን ያደርጋል? ሌላ ነጋዴ ቢሆን ወጪ ብሎ ይመዘግባል፤ የዚያ ዓመት ትርፉ ይጠፋል፤ ባለቤቶቹ ያዝናሉ። በዋጋ ተቆጣጣሪ ሥር ያለ የመብራት ድርጅት ግን ሌላ መንገድ አለው። ተቆጣጣሪው «ይህን ወጪ ወደፊት ከደንበኛ ትሰበስባለህ» ብሎ ከፈቀደለት፣ ወጪው ወጪ መሆኑ ይቀርና በሀብት በኩል ይመዘገባል። ተሰብሳቢ ይሆናል። ከማመንጫውና ከትራንስፎርመሩ ጋር አብሮ ሀብት ተብሎ ይደመራል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ደንበኛው ገና ያልተጠየቀው ዕዳ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ንብረት ነው። ደንበኛው ስለመኖሩ እንኳን አያውቅም። እኔ ስንቱን እንዲህ ያለ መደብ መርምሬ ፈርሜበታለሁ። ሕጋዊ ነው። ደንቡ ይፈቅዳል። ድምሩም ልክ ነው።

የዚህ አሠራር መዘዙ ከሒሳቡ ይከፋል። የነዳጅና የኃይል መግዣ ወጪ በብዙ አገር እንዳለ ወደ ደንበኛ ይተላለፋል። በሂሳብ ወረቀታችሁ ላይ «የነዳጅ ማስተካከያ» የምትል ትንሽ መስመር ካለች እሷ ናት። ድርጅቱ በዚች መስመር አያተርፍም ይባላል። አይከስርምም። ስለዚህ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ጋዝ ገዝቶ ለማስቀመጥ ምን ያስቸኩለዋል? የዋጋ መከላከያ ውል ገንዘብ ይፈጃል። መጋዘን ገንዘብ ይፈጃል። ክረምቱ በሰላም ካለፈ «ይህን ሁሉ ለምን አወጣችሁ?» ተብሎ ይወቀሳል። ሳይዘጋጅ ቆይቶ ዋጋ ከናረ ደግሞ ሰማይ ነው ጥፋተኛው። እኔ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ብሆን የትኛውን እመርጥ ነበር? እውነቱን ለመናገር እጠራጠራለሁ።

«ማንም ሊገምተው የማይችል አደጋ ነበር» የሚል መልስ ይመጣል። ሁልጊዜም ይመጣል። ቴክሳስ ግን በፌብሩዋሪ 2011ም በርዳ ነበር። ያኔም ማመንጫዎች ቆሙ፣ ያኔም በፈረቃ መብራት ተቆረጠ። የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንና የሰሜን አሜሪካ የኤሌክትሪክ አስተማማኝነት ድርጅት በዚያው ዓመት ወፍራም ሪፖርት አወጡ። ቧንቧችሁን ሸፍኑ፣ የመለኪያ መሣሪያችሁን ከብርድ ጠብቁ፣ ከክረምት በፊት ፈትሹ አሉ። ምክር ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ገንዘብ የሚያወጣ ምክር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ ተቋማት እንደገና ተቀምጠው ሌላ ሪፖርት ጻፉ። በዚህኛው ማዕበል ቴክሳስንና ጎረቤቶቿን ጨምሮ 1,045 የማመንጫ ክፍሎች ችግር እንደገጠማቸው ቆጠሩ። ትልቁ ምክንያት የመሣሪያ መብረድ፣ ቀጥሎ የነዳጅ እጥረት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል የአገራችን ሰው። ከ2021 በኋላ ግን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የጣሪያው ዋጋም ወደ 5,000 ዶላር ወረደ። እንደ ግሪዲ ያለው የጅምላ ዋጋ ውል ለመኖሪያ ቤት ተከለከለ። የ9,000 ዶላሩን ትእዛዝ የሰጡት ሦስቱ ኮሚሽነሮችም አንድ በአንድ ለቀቁ።

የተከፈለው ግን ተከፍሏል። ትእዛዙ ከሥልጣን በላይ ነው ብሎ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ፈርዶ ነበር። በ2024 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ኮሚሽኑ ሥልጣኑን አላለፈም አለ። ሕግ አዋቂ አይደለሁምና በዚህ አልከራከርም።

ሌላ አገር ሌላ መንገድ አለ። ሁሉንም አልዘረዝርም።

ብራዚል ኃይሏ በአብዛኛው ከውኃ ነው። ከ2015 ጀምሮ በሂሳብ ወረቀት ላይ ባንዲራ ይታተማል። ግድቡ ሲሞላ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ። ባንዲራው ሲቀየር ጭማሪው ወዲያው ይታያል። በ2021 በዘጠና ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ሲመጣ ልዩ የውኃ እጥረት ባንዲራ ወጣ። ለ100 ኪሎዋት ሰዓት 14.20 ሪያል ተጨመረ። ከሴፕቴምበር 2021 እስከ ኤፕሪል 2022 ቆየ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የማኅበራዊ ታሪፍ ተጠቃሚዎች ከዚህ ጭማሪ ነጻ ነበሩ። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። ውድ ነው፣ ግን ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ዛሬ ስለምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ መብራት ማጥፋት ከቻለ ያጠፋል። (ገንዘቡ ስላልበቃ በኋላ ለአከፋፋዮቹ ብድር ተመቻችቷል፤ ብድሩም ከታሪፍ ይመለሳል። ንጹሕ ነገር የለም።)

ኖርዌይ ደግሞ መንግሥት ከፈለ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለውን የቤተሰብ ሂሳብ መጀመሪያ 55 በመቶውን፣ በኋላ 80፣ ከዚያ 90 በመቶውን ሸፈነ። የናረው በግድቦች መጉደል ብቻ አልነበረም፤ የአውሮፓ የጋዝ ቀውስም ነበረበት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሀብታም አገር ስለሆነች ነው» ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የኖርዌይ የውኃ ኃይል በአብዛኛው የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤቶች ንብረት ነው። ዋጋ ሲንር ትርፉ የሚገባው እዚያው ካዝና ውስጥ ነው። በቀኝ ኪስ የገባው በግራ ኪስ ወጥቶ ለከፋዩ ተመለሰ። ተቀባዩና መላሹ አንድ ስለሆኑ ሒሳቡ ይዘጋል። ቴክሳስ ውስጥ የተቀበለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ መልስ የሚባል ነገርም የለም።

አውስትራሊያ በጁን 2022 ቅዝቃዜ፣ የከሰል ጣቢያዎች ብልሽትና የነዳጅ ውድነት ሲደራረቡባት ዋጋውን በሜጋዋት ሰዓት 300 የአውስትራሊያ ዶላር ላይ ገደበች። ይህ ዋጋ ከነዳጁ ወጪ በታች የሆነባቸው ማመንጫዎች ከገበያው አፈገፈጉ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው ገበያውን ለዘጠኝ ቀን ያህል አቁሞ ራሱ «አንተ አመንጭ፣ አንተ ቁም» እያለ አዘዘ። ማመንጫዎቹ ካሳ ጠየቁ። ካሳው ዞሮ ከደንበኛ ነው የሚመጣው። ይህችን ወንድሜ በጣም ይወዳታል። «አየሽ፣ ገደብ ስታደርጊ» ይላል። አየሁ። ገደብ ብቻውን እንደማይበቃ እቀበላለሁ።

ታዲያ ማን ይክፈል? ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። መጀመሪያ መክፈል ያለበት አደጋውን አስቀድሞ መከላከል ይችል የነበረው ነው። ማመንጫውን ሳይሸፍን የቀረ፣ ጋዙን በተቆረጠ ዋጋ ያልያዘ፣ ምክሩን መሳቢያ ውስጥ ያስተኛ። ለዚህ ደግሞ ተቆጣጣሪው ወጪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ደንበኛ እንዳያሳልፍ ማድረግ ይበቃል። አሥር በመቶው እንኳን በባለአክሲዮን ትርፍ ላይ ቢወድቅ የሥራ አስኪያጆች ባሕርይ ሲለወጥ ታያላችሁ። ቦርድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። የባለቤቶች ድርሻ ሲነካ ክፍሉ ይነቃል።

ቀጥሎ መክፈል ያለበት ከዚያ ሳምንት ያልጠበቀውን ያገኘ ነው። ትርፍ ኃጢአት አይደለም። ግን በትእዛዝ የተጣለ ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። በትእዛዝ የመጣ ትርፍ ከፊሉ በትእዛዝ ቢመለስ ማንም ኢንቨስተር አገር ጥሎ አይሄድም። በመጨረሻ የሚቀረውን ቤተሰቡ ይካፈል። እሱም ቢሆን ቶሎ፣ በሚታይ መስመር፣ አቅም የሌለውን ሳይነካ።

ወደ 25 ዓመት ማራዘም ለደሃው ታስቦ ነው ይባላል። በአንድ ጊዜ ከሚጫንበት በጥቂቱ ይክፈል ነው ነገሩ። ገባኝ። የቦንድ ወለድ ሲደመር ግን ያው ደሃ ዞሮ ዞሮ የበለጠ ይከፍላል። ያ ቦንድ እስኪያልቅ ሌላ ማዕበል አይመጣም ያለውስ ማነው? ሁለተኛው ቦንድ በአንደኛው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ ሲነባበር ሂሳቡ ውስጥ ምን ያህሉ የዛሬ መብራት፣ ምን ያህሉ የድሮ ብርድ እንደሆነ ማን ይለየዋል?

የራሴን ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የራሴን የኤሌክትሪክ ውል አውጥቼ አየሁ። ከኋላ በደቃቁ ጽሑፍ «አቅራቢው ባልተለመደ የገበያ ሁኔታ ዋጋውን ሊያስተካክል ይችላል» ይላል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። «ያልተለመደ ማለት ምን ማለት ነው? ማንስ ነው ያልተለመደ ነው ብሎ የሚወስነው?» አልኳት። «እናቴ፣ ሲስተሙ ነው የሚያሰላው» አለችኝ። ኃላፊዋን ጠየቅሁ። እሱም ሲስተሙ ነው አለ። ሲስተሙን የሠራው ሰው ግን ስልክ አያነሳም። በእርግጥ ልጅቷን አልወቅስም። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ኦዲተር ያላገኘውን መልስ እሷ ከየት ታመጣዋለች።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ መብራት ታሪፍ ስትጽፉ ከድርጅቱ ቃል አቀባይ ጋር የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ አሳጥሩት። የተመረመረውን ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርት ጠይቁ። በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ አታገኙትም። ከሒሳቡ ጀርባ ማስታወሻዎች አሉ። እዚያ ውስጥ ተቆጣጣሪው ወደፊት እንዲሰበሰብ የፈቀደው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየትኛው ክስተት እንደመጣና ብዙ ጊዜም በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ተጽፏል። እሱን አትሙልን። ገጹን ለማግኘት ከተቸገራችሁ የሠራተኞች ጡረታ ግዴታ የሚለውን ማስታወሻ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጥቂት ገጽ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ኦዲተር አንባቢያችሁ